ጎንደር ለጥምቀት፦ ግንቡን ብቻ አይቶ ላለመመለስ

መንገደኛ_07 (ክር ከፋች)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለጥር ከአሜሪካ 14 ሰው ወደ ጎንደር ይመጣል። ስድስቱ እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ወጣቶች ሲሆኑ ሁለቱ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ እናቶች ናቸው። ጥር 8 ገብተው ጥር 12 ጠዋት ይበርራሉ። የተዘጋጀላቸው መርሐ ግብር ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ ቁስቋምንና የፋሲል መዋኛን በአንድ ቀን ያስጨርሳል። የቀረው ሁሉ «ነፃ ጊዜ» ተብሏል።

የምጠይቃችሁ፦ ቅደም ተከተሉ እንዴት ቢሆን ይሻላል? በከተራና በጥምቀት የት ይቁሙ? ከወጣቶቹ አንዱ «ግንቡን ፖርቱጋሎች ናቸው የሠሩት» የሚል ነገር አንብቦ ጠይቋል፤ ምን ይመለስለት? ደግሞ ከተማዋ የተቆረቆረችው አንድ ቦታ 1628፣ ሌላ ቦታ 1636 ይላል። የትኛው ነው ልክ? ከግንቡ ውጪ መታለፍ የሌለበትም ካለ ጠቁሙኝ።

---

ጃንተከል

የዓመቱን ነገር ላስቀድም፣ ቀላል ስለሆነ። 1628 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ 1636 በአውሮፓውያን ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስህተቱ የሚመጣው ጸሐፊዎች ምልክቱን እየጣሉ ቁጥሩን ብቻ ሲገለብጡ ነው፤ በዚህ ምክንያት ዐፄ ፋሲል ሳይነግሡ ከተማ የቆረቆሩ የሚመስልባቸው ጽሑፎች አሉ። እኔ ከዚህ በታች ዓመቱን ሁሉ እ.ኤ.አ. እጽፋለሁ፤ ሌሎቻችሁም «ዓ.ም.» ካላላችሁ በቀር እንዲሁ ይሁን።

አሁን ወደ ግቢው። ፋሲል ግቢ 900 ሜትር ገደማ በሚሆን ቅጥር የተከበበ፣ ወደ 7 ሄክታር የሚጠጋ ቦታ ነው። 12 በሮች ነበሩት፤ ፊት በር (ጃንተከል በር የሚባለው)፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ተዝካሮ በር፣ እንቆዬ በር እያለ ይቀጥላል። የበሮቹን ስም ለወጣቶቹ አስነብቧቸው። በየትኛው በር ማን ይገባ እንደነበር፣ የትኛው ለሐዘን፣ የትኛው ለሙዚቀኛ እንደነበር ስሙ ራሱ ይናገራል።

ብዙ ቡድን የሚሳሳተው ገብቶ በቀጥታ በትልቁ ግንብ ፊት ፎቶ ተነሥቶ፣ ከዚያ እንዳገኘ መዞሩ ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን ሁሉም «ፍርስራሽ» ሆኖ ይቀራል። በንግሥና ተራ ይሂዱ፤ ነገሩ ከደቡብ ወደ ሰሜን በአመዛኙ በተራ የተሠራ ስለሆነ እግርም አይደክም። የፋሲል (1632–1667) ግንብ፣ ከዚያ የልጃቸው የጻድቁ ዮሐንስ (1667–1682) ቤተ መጻሕፍትና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ የታላቁ ኢያሱ (1682–1706) ግንብ፣ የሣልሳዊ ዳዊት (1716–1721) የዘፈን አዳራሽ፣ የበካፋ (1721–1730) የግብር አዳራሽና የፈረስ ጋጣ፣ በመጨረሻ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ። አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ እያሉ ሲሄዱ የመንግሥቱ ጠባይ ሲለወጥ ይታያል። የመጀመሪያው ግንብ እንደ ምሽግ ነው፤ አራት ክብ ማዕዘኖች፣ እንቁላል የመሰሉ ጉልላቶች፣ ጥርስ ጥርስ ያለው የጣሪያ ጠርዝ አለው። ወደ ዳዊትና በካፋ ሲደርሱ ዘፈንና ግብር ነው። ምንትዋብ ጋ ሲደርሱ ግድግዳው ላይ በቀይ ድንጋይ የተሠሩ መስቀሎች ያገኛሉ።

የኢያሱን ግንብ አትዝለሉት። ጣሪያው እንደ ኮርቻ የተቆለመመ ነበር። ውስጡ በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በወርቅ ቅብ ያጌጠ እንደነበር የዘመኑ ሰዎች ጽፈዋል። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በ1941 ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ሲደበድቡ ቦምብ አገኘው። ባዶ ሆኖ የሚያዩት በዕድሜ ብቻ አይደለም።

ለግቢው ብቻ ሦስት ሰዓት ይያዙ። ትኬቱን አትጣሉ፤ የግቢው ትኬት መዋኛውንም ሲያጠቃልል ቆይቷልና በር ላይ ይጠይቁ።

---

ኖራና_ድንጋይ

«ፖርቱጋሎች ሠሩት» ለሚለው ለልጁ እንዲህ በሉት። አንደኛ፣ ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክ ሆኑ፣ አገር ተበጠበጠ፣ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲል የተዋሕዶን ሃይማኖት መለሱና ኢየሱሳውያኑን (የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን) አባረሩ። ጎንደር የተቆረቆረችው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ጉዛራ አለ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲመጡ እንፍራንዝ አጠገብ ከመንገዱ በላይ ኮረብታ ላይ የሚታየው ግንብ የዐፄ ሠርጸ ድንግል (1563–1597) ነው። ያ ግንብ የጎንደር ግንቦች ታላቅ ወንድም ነው፤ በዩኔስኮ መዝገብም (1979) ከፋሲል ግቢ ጋር አንድ ላይ ነው የተመዘገበው።

ግን «ከውጭ ምንም አልገባም» ማለትም ስህተት ነው። ኖራ በሱስንዮስ ዘመን ከህንድ በመጣ ሰው እጅ እንደታወቀ ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ ጽፏል። የቅስቱ አሠራርም ከህንድም ከፖርቱጋልም ጋር ዝምድና አለው። ድንጋዩን የጠረበው፣ ያነሣው፣ የገነባው እጅ ግን የዚህ አገር እጅ ነው። በዚያ ላይ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጺዎች ስም ይነሣል፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ እዚህ መድረክ ላይ ስላለ ለእሱ ልተወው።

እኔ የምጨምረው ግድግዳውን እንዴት እንደሚያነቡት ነው። እንግዶቹ ይህን ካወቁ ግቢው በሙሉ ይከፈትላቸዋል።

ግድግዳው ሁለት ዓይነት ድንጋይ አለው። ዋናው አካል ጥቁሩ ባዛልት ነው፤ ጠንካራና ለመጥረብ አስቸጋሪ ስለሆነ አብዛኛው እንደመጣ ተደርድሯል። በመስኮትና በበር ቅስት ዙሪያ የሚያዩት ቀዩ ለስላሳ ድንጋይ ደግሞ ከቁስቋም አካባቢ የሚወጣ ነው፤ በመሮ በቀላሉ ስለሚቀረጽ ለቅስትና ለጌጥ ተመረጠ። ለዚህ ነው ቀለሙ ሁለት የሆነው። ውበት ብቻ አስበውበት አይደለም።

አሁን መጋጠሚያውን ይዩ። ነጣ ያለ፣ ክሬም የመሰለ፣ ውስጡ ጥቃቅን ጠጠርና ነጭ ነጠብጣብ ያለው ከሆነ ኖራ ነው። ግራጫ፣ ለስላሳና ድንጋዩ ላይ ፈስሶ የደረቀ የሚመስል ከሆነ ሲሚንቶ ነው፤ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ መጠገን ሲጀምሩ ያስገቡት፣ ከእነሱም በኋላ የቀጠለ። የሲሚንቶው ጥፋት እንዲህ ነው፦ ዝናብ ከጣሪያና ከስንጥቅ ይገባል። የገባው ውሃ በበጋ መውጣት አለበት። ኖራ ያስተነፍሰዋል፤ ሲሚንቶ ይዘጋበታል። መውጫ ያጣው ውሃ በድንጋዩ ፊት በኩል ይወጣል፣ የተሸከመውን ጨው እዚያው ይተዋል፣ ጨው ሲያብጥ የድንጋዩን ቆዳ ይልጠዋል። ስለዚህ በሲሚንቶ በተጠገነ ቦታ ሲሚንቶው ደህና ቆሞ በዙሪያው ያለው ቀይ ድንጋይ ብን ብሎ ሲረግፍ ያገኛሉ። ሰው ግን ሲሚንቶው ስላልተሰነጠቀ ጥገናው የተሳካ ይመስለዋል።

---

አርማታ_ሰፈር

ኖራና_ድንጋይ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሲሚንቶው ባይኖር ዛሬ የማይቆሙ ክፍሎች አሉ። ጣሪያ የወደቀበት ግንብ ላይ ለወራት ኖራ እስኪደርስ መጠበቅ አይቻልም ነበር። እድሳቱን በሙሉ ማውገዝ ተገቢ አይመስለኝም።

---

ኖራና_ድንጋይ

እድሳቱን አላወገዝኩም። ለመሸከም የገባ የብረትና የኮንክሪት ወለል አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ እስማማለሁ። እኔ የምለው የግድግዳውን መጋጠሚያ ነው። እዚያ ላይ ጊዜ የለም የሚለው ምክንያት አይሆንም። በቅርብ ዓመታት ግቢው ላይ ሰፊ እድሳት ስለተካሄደ ብዙ ሰው አሠራሩን እየጠየቀ ነው፣ ስለዚህ ዝርዝሩን ላስቀምጠው። በየገጠሩ ያሉ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናትን የምትጠግኑ ኮሚቴዎችም ይጠቅማችኋል።

የተቃጠለውን ኖራ ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃ ወደ ኖራው አትጨምሩ። ይፈላል፣ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው። ከፈላ በኋላ ላዩ ውሃ እንደሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጥ። ሦስት ሳምንት ዝቅተኛው ነው፤ ሦስት ወር ከቆየ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ባልተፈታ (ፈልቶ ባላለቀ) ኖራ የተሠራ መጋጠሚያ ግድግዳው ላይ ከገባ በኋላ ዘግይቶ ይፈታና እያበጠ ትንንሽ ጉድጓድ ያበጃል። ለዚህ ነው በወንፊት ማጣራት የሚያስፈልገው።

አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ አሸዋ። አሸዋው የታጠበና ሻካራ ይሁን። ለመፈተሽ በፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ ውሃ አድርጋችሁ ነቅንቁና አሳድሩት። ከላይ ወፍራም የጭቃ ድርብ ከተኛ ያ አሸዋ መታጠብ አለበት፤ ጭቃ ያለበት ድብልቅ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ይሰነጠቃል።

አሮጌውን መጋጠሚያ በመሮና በመዶሻ አውጡ፣ ጥልቀቱ የስፋቱን እጥፍ ይሁን። ግራይንደር አይግባ። የድንጋዩን ጠርዝ ይበላዋል፣ መጋጠሚያው ለዘለዓለም ሰፍቶ ይቀራል። ድንጋዩን አርጥቡ፤ ደረቅ ድንጋይ የኖራውን ውሃ በደቂቃ ይጠጣዋል። በአንድ ጊዜ ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ አትሙሉ። ከዚያ እርጥብ ጆንያ አልብሱትና ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቢቻል ሁለት፣ እያርከፈከፋችሁ ጠብቁ። ኖራ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመውሰድ ነው፣ ለዚያም እርጥበት ይፈልጋል። የጎንደር የኅዳር ፀሐይ ካገኘው በሁለት ቀን ዱቄት ይሆናል። ክረምት ላይም አይሠራም፣ ይታጠባል። ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት በኋላ ነው፣ ጥላ ተሠርቶለት።

ግድግዳ ላይ የበቀለ ዛፍም አለ። በጉልበት አትንቀሉት፤ ሥሩ ሦስት አራት ድንጋይ ይዞ ይመጣል። ከግንዱ ተቆርጦ እንዲደርቅ ይተዋል፣ ከዚያ ነው ቀስ ተብሎ የሚጸዳው። የፋሲል መዋኛ ቅጥር ላይ ያሉት ሥሮች ደግሞ የተለዩ ናቸው። ድንጋዩን እንደ መረብ ይዘውታል፤ እነሱን ማስወገድ ቅጥሩን ማፍረስ ነው።

---

ቀሃ_ማዶ

ጥምቀትን እኔ ልመልስ። ሰዓቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የትኬቱን ቀን ያረጋግጡ። ጥር 11 በአውሮፓውያን ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው፤ የእነሱ ዓመት 366 ቀን ሲኖረው ግን ጃንዋሪ 20 ይሆናል፤ 2020 እና 2024 እንዲህ ነበር። ይህን ሳያዩ የሚቆርጡ ሰዎች የከተራ ዕለት የሚሆነውን እንደ ጥምቀት ቆጥረው ይሳሳታሉ።

ሁለተኛ፣ ጥር 12 ጠዋት መብረራቸውን እቃወማለሁ። ጥር 11 የሚመለሱት ሌሎቹ ታቦታት ናቸው፤ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚመለሰው ጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ ነው። ከተማው ያን ቀንም በሰው የተሞላ ነው፣ መንገድ ይዘጋል፣ አየር ማረፊያው ደግሞ አዘዞ ነው፣ ከመሃል ከተማ ራቅ ይላል። በረራውን ወደ ጥር 13 ይግፉት።

መዋኛው ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው። ውሃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተስቦ ከበዓሉ ቀናት ቀደም ብሎ ነው መሞላት የሚጀምረው። ስለዚህ ጥር 9 ከሰዓት በኋላ ለአጭር ጊዜ ብቅ ይበሉ። ውሃው ሞልቶ፣ ሕዝቡ ሳይመጣ፣ መሃል ያለው ሁለት ፎቅ ግንብ በውሃው ላይ ጥላውን ጥሎ የሚታይበት ብቸኛው ቀን እሱ ነው። እናቶቹ ድልድዩንና ቅጥሩን ያለ ግፊያ የሚያዩትም ያኔ ነው።

ጥር 10 (ከተራ)፦ ታቦታቱ ከቀትር በኋላ ከየደብራቸው ይወጣሉ፣ መሃል ከተማ ይገናኛሉ፣ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ይወርዳሉ። ከ7 ሰዓት በኋላ መኪና አያልፍም ብለው ያስቡ። ከሰልፉ ጋር ከመጓዝ ይልቅ ፒያሳ አካባቢ አንድ ከፍ ያለ ደረጃ ይዞ መቆም ይሻላል፤ ሁሉም ታቦት በፊታቸው ያልፋል።

ጥር 11፦ ማኅሌቱና ቅዳሴው ሌሊቱን ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያልደረሰ ቦታ አያገኝም። ሲነጋ ጸሎተ አኮቴቱ ደርሶ ውሃው ይባረካል፣ ይረጫል፣ ከዚያ ወጣቱ ይዘላል። ውሃው ውስጥ መግባት የፈለጉ ልጆች ካሉ ዝላዩ ጋብ እስኪል ይጠብቁ፤ አደጋው ያለው በውሃው ሳይሆን ሰው በሰው ላይ በሚዘልበት በመጀመሪያው ግፊያ ነው።

ስለ እንጨት መቀመጫው ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ በጣም የምር ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት መዋኛው ዳር የተሠራ የእንጨት መቆሚያ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞቷል። አንድ መቆሚያ ላይ ከመውጣትዎ በፊት እግሮቹን ዝቅ ብለው ይዩ፦ በሰያፍ የታሰረ ማጠናከሪያ አለው? የታሰረው በሚስማር ነው ወይስ በገመድ ብቻ? ሰው ሲቆጣጠረው ይታያል? ከተሞላ በኋላ የሚጨመር ሰው ካለ ወዲያው ይውረዱ። እናቶቹን መሬት ላይ፣ ከቅጥሩ ውጪ በወንበር ማስቀመጥ ይሻላል፤ ድምፁ በደንብ ይሰማል።

ልብስ ነጭ፣ ነጠላ። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ከተማው ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ከነጠላው ሥር ሹራብ ይልበሱ።

---

መንገደኛ_07

እግዜር ይስጥልኝ። በረራውን ወደ 13 ለማዘዋወር እየጠየቅሁ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ቁስቋምን በየትኛው ቀን ላድርግ? እናቶቹ ደረጃ ይከብዳቸዋል።

---

ዘበአታ

ደብረ ብርሃን ሥላሴን ጥር 9 ያድርጉት። ጥር 10 እና 11 ካህናቱ ታቦት ይዘው ስለሚወርዱ አገልጋይ አይገኝም። ደረጃ እምብዛም የለውም፣ ለእናቶቹ ይመቻል። በምሳ ሰዓት ሊዘጋ ስለሚችል ከ8 ሰዓት በኋላ ይሂዱ።

የመጀመሪያውን ደብር ያሠሩት ታላቁ ኢያሱ ናቸው፣ በ1694 ተባረከ። ያ ክብ ነበር፤ አሁን የሚታየው ባለ አራት ማዕዘን ከዚያ በኋላ የታነጸ ነው። ከቅጥሩ ይጀምሩ፦ 12ቱ ክብ ግንቦች በሐዋርያት ምሳሌ ናቸው ይባላል፣ 13ኛው የበሩ ግንብ አንበሳ እንዲመስል ሆኖ የጌታ ምሳሌ ነው። ሲገቡ ጫማ ያወልቃሉ፣ ወንድና ሴት በየበራቸው። ፍላሽ ፈጽሞ አይነካ፤ ቀለሙን ያነጣዋል። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ አሥር ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ ጣሪያውን፣ የመላእክቱን ፊት አንጋጦ አይቶ ይወጣል፤ ግድግዳው ግን መጽሐፍ ነው። በመቅደሱ መግቢያ በላይ ሥላሴና ስቅለቱ፣ በደቡቡ ግድግዳ የጌታ ታሪክ፣ በሰሜኑ ፈረስ ላይ ያሉ ሰማዕታት። ሥዕሎቹ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ ጠርዙ ላይ የጨርቁ መጋጠሚያ ይታያል።

ወጣቶቹ ሁለቱን የጎንደር አሣሣል እንዲለዩ አስተምሯቸው። የፊተኛው ደማቅ፣ ጥላ የሌለው፣ ጀርባው እንዲሁ አንድ ቀለም ነው። የኋለኛው በምንትዋብ ዘመን የደረሰው ነው፤ ፊት ላይ ጥላ አለ፣ ልብሱ ይታጠፋል፣ ጀርባው ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ይሸጋገራል። ይህን ያወቀ ልጅ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ደብር ገብቶ ዘመኑን ይገምታል።

ቁስቋምን ጥር 10 ጠዋት፣ ከ5 ሰዓት በፊት። ዳገት ነው፤ እናቶቹን መኪና እስከ ደጁ ያድርሳቸው። ምንትዋብ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ (1730–1755) ጋር ዘውድ ደፍተው ብርሃን ሞገሳ ተብለው የነገሡ ናቸው፣ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምንና ቤተ መንግሥቱን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። አጽማቸው ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ከኢዮአስ ጋር እዚያው ነው። የኢዮአስን ነገር ሳይናገሩ እንዳይወጡ፦ በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል አስገደሏቸው፣ ዘመነ መሳፍንት የሚቆጠረው ከዚያ ነው። የራስ ሚካኤል ቤት ራስ ግንብ ደግሞ መሃል ከተማ ሙዚየም ሆኖ አለ። ሁለቱን ቦታዎች አያይዛችሁ ካያችኋቸው የመቶ ዓመት ታሪክ በአንድ ቀን ይገባል።

«አርባ አራቱ ታቦት የት አሉ?» ብለው ከጠየቁ፦ ስሙና ታቦቱ አለ፣ ሕንጻው ብዙ ቦታ አዲስ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ከተማዋን አቃጠሉ፤ በ1888 ደግሞ ደርቡሽ ገብቶ አቃጠለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ፤ ንብ ወጥቶ ጠላትን መለሰ ይላሉ አባቶች።

ሊታለፍ የማይገባው ነገር ግን በአታ ነው። በአታ ለማርያም የአቋቋም፣ ማለት በማኅሌት ቆሞ የሚዘመርበት ሥርዓት፣ ምስክር ቤት (ከፍተኛ ትምህርት ቤት) ነው። ከመላው አገር ተማሪ የሚመጣው እዚያ ነው። መቋሚያ፣ ጸናጽል፣ ከበሮ፤ ዝማሜው፣ ቁሙ፣ መረግዱ፣ ጽፋቱ እያንዳንዱ ሕግ አለው፣ ተማሪው ዓመታት ይፈጅበታል። አለቃ ገብረ ሐና ሰውነትን እንደ ባሕር ዳር ሸንበቆ ወዲህና ወዲያ የሚያስዘምም አዲስ አቋቋም ሲያወጡ ጎንደር አልቀበልም አለ። ልጃቸው ተክሌ አስተማረው፣ ደብረ ታቦር ያዘው፣ «የተክሌ አቋቋም» ተባለ። ዛሬ ሁለቱም ይሠራባቸዋል። የመጽሐፍ ትርጓሜም እንዲሁ ነው፦ «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» የሚባለው ክፍፍል የወጣው ከዚሁ ከጎንደር ነው። እንግዶቹ በጥር 11 ሌሊት የሚሰሙትን ወረብ ከመስማታቸው በፊት ይህን ቢያውቁ፣ ጭፈራ ሳይሆን ትምህርት መሆኑ ይገባቸዋል።

---

አምቦበር

ከእስራኤል ነኝ። ኖራና_ድንጋይ ለጠቆመው ነገር ልመልስ። በቤተ እስራኤል ዘንድ አባቶቻችን ለነገሥታቱ ግንበኞች፣ አናጺዎችና አንጥረኞች ሆነው እንደሠሩ ሲነገር ኖሯል፤ የጎንደር ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንትም ይህን ይቀበላሉ። ግን ከክብሩ ጋር መለየቱንም ተናገሩ። በ1668 በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። የሙስሊሙ ሰፈር አዲስ ዓለም ስሙን ይዞ እስከ ዛሬ አለ።

ወለቃ ከከተማው ወደ ሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። አብዛኛው ወገናችን በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ሄዷል፤ ዛሬ ወለቃ የሚሸጠውን የሚሠሩት በአብዛኛው ጎረቤቶች ናቸው። «የቤተ እስራኤል መንደር» የሚል ሰሌዳ አይተው እዚያ ማኅበረሰብ እንዳለ የሚያስቡ ወጣቶች እንዳይዘኑ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ምኩራቡና መቃብሩ ይታያል። መቃብሩ ላይ በዝምታ ይሁኑ።

ሸክላውን ከገዙ፦ በእጅ እንጂ በመሽከርከሪያ አይሠራም፣ በሜዳ እሳት ነው የሚተኮሰው። ስለዚህ ሙቀቱ ዝቅተኛ ነው፣ ይሰባበራል። በጣትዎ ጥፍር ኳ ኳ ያድርጉት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ተቃጥሏል፣ ድፍን ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ አለው ወይም በደንብ አልበሰለም። በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ይያዙት፣ ውስጡ ባዶ ከሆነ ካልሲ ይሙሉበት።

---

ቢጫ_ፒያሳ

ለጥር 8 ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ላቀብል፣ ከበረራ የደከመ ሰው የሚችለው ነው። ፒያሳን በእግር። ጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 ሲቀመጡ ከፋሲል ግቢ በላይ የሠሩት ከተማ ነው፤ የፖስታ ቤቱ፣ የሲኒማው፣ ክብ ማዕዘን ያላቸው ቢጫ ሕንጻዎች። የከተማውን ፕላን የነደፈው ጌራርዶ ቦሲዮ ነበር። ደረጃ ደረጃ ያለው አቀማመጥ የዳገቱን ተዳፋት ተከትሎ ነው የተሠራው። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ በመጨረሻ እጁን የሰጠውም እዚሁ ጎንደር ነው፣ ኅዳር ወር 1941። አንድ ሰዓት ይበቃል፣ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሳያይ ያልፈዋል።

---

ጃንተከል

እንግዲህ ያቀናጀሁት፦ ጥር 8 ፒያሳና ራስ ግንብ፣ እናቶቹ ከፍታውን እስኪለምዱ ቀስ ብለው። ጥር 9 ጠዋት ፋሲል ግቢ፣ ከ8 ሰዓት ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከ10 ሰዓት መዋኛው። ጥር 10 ጠዋት ቁስቋም፣ ከሰዓት ከተራ። ጥር 11 ሌሊት ጥምቀተ ባሕር፣ ከሰዓት እንቅልፍ ብቻ። ጥር 12 ጠዋት ሚካኤልን መሸኘት፣ መንገዱ ሲከፈት ወለቃ። ጥር 13 ወደ አዘዞ። በአታን ጥር 9 ጠዋት ከግቢው በፊት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከቀሰቀሷቸው ተማሪዎቹን ያገኟቸዋል።

ጎርጎራን ወይም ጉዛራን መጨመር ከፈለጉ በዚያው ሳምንት የመንገዱን ሁኔታ ከሆቴሉና ከሹፌሮች ጠይቀው ብቻ ነው፤ ያለፉት ዓመታት መንገድ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ሲሆን ቆይቷል። በአየር መጥተው በአየር መመለሳቸው ጥሩ ውሳኔ ነው።

---

መንገደኛ_07

በረራው ወደ ጥር 13 ተዛውሯል። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ፋሲል ግንብ ውስጥ ፎቅ መውጣት ለእናቶቹ ይቻላል?

---

ኖራና_ድንጋይ

የውጭው ደረጃ ረጅምና ያልተስተካከለ ነው፤ አንዱ እርከን ከሌላው ከፍታው ይለያያል፣ ጉልበት የሚጎዳውም ያ ነው። እናቶቹ ከታች ይቆዩ። ምድር ቤቱ ላይ በበሮቹ በላይ የተቀረጸውን የዳዊት ኮከብ ያሳዩአቸው፣ ከዚያ በምሥራቅ በኩል ባለው ጥላ ሥር ይቀመጡ። ወጣቶቹ ከወጡ ሲወርዱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ አንድ በአንድ።